ከዲቪዚዮን 9 መጀመር፦ በእንግሊዝ የካኑ ውድድር ክለብ እንዴት ይገባል?

በእንግሊዝ የካኑ ውድድር የሚኖረው በሰፈር ክለብ ነው። ጀልባ ለብቻው ገዝቶ፣ ለብቻው ተለማምዶ ለውድድር የሚቀርብ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጀልባው፣ መቅዘፊያው፣ አሠልጣኙ፣ ጀልባ የሚያድርበት ቤት፣ የውድድር ምዝገባው ሳይቀር የሚገኘው በክለቡ በኩል ነው። ከክለቦቹ አንዳንዶቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው፤ በለንደን ምዕራብ ቴዲንግተን ያለው ሮያል ካኑ ክለብ የተመሠረተው በ1866 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወቅቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪካቸው ሲነገር የጌቶች ማኅበር ይመስላሉ እንጂ፣ አብዛኞቹ ዛሬ በአባላት መዋጮና በበጎ ፈቃደኞች ጉልበት የሚሠሩ፣ አዲስ ሰው የሚፈልጉ ቦታዎች ናቸው። በቴምዝ፣ በሊ ወንዝ ወይም በቦዮቹ አካባቢ ለሚኖር አበሻ ክለብ ማግኘት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከገቡ በኋላ ያለው ነገር ስለሆነ ማብራሪያው በዚያ ላይ ይረዝማል።

የትኛው ውድድር?

ስሙ ካኑ ይባል እንጂ አብዛኛው ሰው የሚቀዝፈው ካያክ ነው፦ ቁጭ ብሎ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በሁለቱም በኩል ብሌድ (ሰፊ ጫፍ) ባለው መቅዘፊያ። ኬ1 የአንድ ሰው፣ ኬ2 የሁለት ሰው ካያክ ነው። ሲ1 በአንድ ጉልበት ተንበርክከው በአንድ ወገን ብቻ የሚቀዝፉት ካኑ ሲሆን በሁሉም ክለብ አይገኝም።

በኦሎምፒክ የሚታየው፣ ከ1936 የበርሊን ጨዋታ ጀምሮ ያለው ስፕሪንት፣ በረጋ ውኃ ላይ 200፣ 500 ወይም 1,000 ሜትር ነው። የሰፈር ክለቦች የዘወትር እንጀራ ግን ማራቶን ነው። ስሙ አያስደንግጥ፤ 42 ኪሎ ሜትር አይደለም። ሃዝለር በሚባለው የክለቦች ተከታታይ ውድድር ቀዛፊዎች ከ1 እስከ 9 በዲቪዚዮን ይመደባሉ፤ አዲስ ሰው የሚጀምረው ከ9 ነው። ከ9 እስከ 7 ያሉት ወደ 4 ማይል (6.4 ኪሎ ሜትር)፣ ከ6 እስከ 4 ያሉት 8 ማይል፣ ከ3 እስከ 1 ያሉት 12 ማይል ይቀዝፋሉ። ከፍ ባሉት ዲቪዚዮኖች ፖርቴጅ አለ፦ ሎክ ሲደርሱ፣ ማለትም ጀልባዎች ከፍና ዝቅ የሚሉበት የውኃ በር ጋ፣ ከጀልባ ወርዶ፣ ተሸክሞ ሮጦ፣ ከማዶ እንደገና መግባት።

የዚህ አሠራር ጥሩው ነገር ምደባው በዕድሜ ወይም በጾታ ሳይሆን በፍጥነት መሆኑ ነው። የ14 ዓመት ልጅ፣ የ35 ዓመት ሴትና የ60 ዓመት ሽማግሌ በአንድ መስመር ላይ ተሰልፈው ይነሣሉ፤ ሽማግሌው መቅደማቸውም ብርቅ አይደለም። ቀድሞ የሚገባ ሰው ለክለቡ ነጥብ ያመጣል፤ ከታችኛው ዲቪዚዮን የመጣ ነጥብም ይቆጠራል። ስለዚህ ክለቡ ጀማሪን የሚያስተናግደው ለጽድቅ ብቻ አይደለም፣ ይፈልገዋል።

ምዝገባ

መጀመሪያ የውድድር ክለብ መሆኑን ይጠይቁ። «የካኑ ክለብ» ከሚባሉት ውስጥ በሚናወጥ ወራጅ ውኃ ላይ የሚጫወቱ፣ ባሕር ላይ የሚጓዙ፣ ፖሎ የሚጫወቱም አሉ። «በሃዝለር ትሳተፋላችሁ?» ማለት ይበቃል። ሁለተኛው ጥያቄ «ለጀማሪ የሚሆን ሰፊ ኬ1 አላችሁ?» ነው። ያላቸው ጠባብ ጀልባ ብቻ ከሆነ ጎረቤት ክለብ ይሞክሩ።

ብዙ ክለቦች ውኃው ሲሞቅ፣ በጸደይና በበጋ፣ ለጀማሪዎች የጥቂት ሳምንታት ኮርስ ይከፍታሉ። በአብዛኛው የሚጠየቀው ልብስ እንደለበሱ 50 ሜትር መዋኘት ነው። ለልጆቻቸው የሚያስቡ ወላጆች ይህን ልብ ይበሉ፦ በእንግሊዝ የትምህርት ሥርዓት ልጅ የመጀመሪያ ደረጃን ሲጨርስ ይዋኝ የሚባለው 25 ሜትር ነው፣ እሱም በሞቀ ገንዳ። ስለዚህ ክለብ ከመሄድ በፊት ለጥቂት ወራት ገንዳ መመላለስ ያስፈልግ ይሆናል። ዋና የማይችል አዋቂም እንዲሁ። ይህን መደበቅ አያዋጣም፤ ኬ1 ላይ የተቀመጠ ጀማሪ ውኃ ውስጥ መውደቁ አይቀርም።

አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ችግር ካለ በጤና ቅጹ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ቅጹ ከክለቡ ለማስወጣት ሳይሆን አሠልጣኙ ምን መያዝ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው። ልጅ የሚያስመዘግብ ወላጅ የክለቡን የልጆች ደኅንነት ኃላፊ ማን እንደሆነ ጠይቆ ይወቅ።

ከክለቡ መዋጮ ሌላ ፓድል ዩኬ በሚባለው ብሔራዊ ማኅበር (በ2024 ስሙን እስኪለውጥ ብሪቲሽ ካኑይንግ ይባል ነበር) አባል መሆን ያስፈልጋል። አባልነቱ በቴምዝና በብዙዎቹ ቦዮች ላይ ለመቅዘፍ የሚያስፈልገውን ፈቃድና በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሆን ኢንሹራንስ ይዞ ይመጣል። ኮርስ ላይ እያሉ ክለቡ ይሸፍን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

በመጀመሪያው ዓመት ጀልባ አይግዙ። የክለቡን ይጠቀሙ። በመጀመሪያው ወር የተመቸ ጀልባ በስድስተኛው ወር አይመችም፤ ገና በመጀመሪያው ወር በጉጉት የተገዛ ፈጣን ጀልባ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ይቀራል።

ጀልባው ለምን ይገለበጣል?

ኬ1 እስከ 5.20 ሜትር ይረዝማል። በማራቶን የሚፈቀደው ትንሹ ክብደት 8 ኪሎ፣ በስፕሪንት 12 ኪሎ ነው። የሠለጠነ ቀዛፊ ጀልባ ውኃው ልክ ላይ ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሆዱ ክብ ስለሆነ ከውኃው ጋር ያለው ፍትጊያ ያንሳል። ያው ክብነት ነው ጀልባውን የሚያንከባልለው። ጀልባው በራሱ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ የሚያቆመው የቀዛፊው ዳሌና በውኃ ውስጥ ያለው ብሌድ ነው። ስለዚህ ጀማሪ ሲፈራ መቅዘፉን ያቆማል፣ መቅዘፉን ሲያቆም ይገለበጣል።

ሻጮችና ክለቦች የጀልባን ርጋታ ከ1 እስከ 10 በቁጥር ይገልጻሉ፤ 10 በጣም የረጋ፣ 1 በጣም የሚወላውል ነው። የቁጥሩ ልክ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ የቀዛፊው ክብደትና ቁመትም ይለውጠዋል። የአንዱን 6 ከሌላው 6 ጋር አንድ ነው ብሎ መግዛት ስህተት ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ መቆጣጠር ያልቻሉት ፈጣን ጀልባ ከሚቆጣጠሩት ቀርፋፋ ጀልባ ይዘገያል። ሚዛን ለመጠበቅ የሚውል እያንዳንዱ ቀዘፋ ወደ ፊት አይገፋም። ዲቪዚዮን 9 እና 8 ላይ በሰፊ ጀልባ ተረጋግቶ የሚቀዝፍ ሰው፣ በጠባብ ጀልባ እየተንቀጠቀጠ የሚሄደውን ሲያልፍ በየውድድሩ ይታያል። ወደ ጠባቡ ለመሸጋገር ሦስት መለኪያዎች ይበቃሉ፦ እየቀዘፉ ዞር ብሎ ወደ ኋላ ማየት፣ መቅዘፊያውን ከውኃ አንሥቶ ዐሥር እስኪቆጥሩ መቀመጥ፣ የሞተር ጀልባ ሞገድ ሲመጣ ቀዘፋን አለማቋረጥ። ሦስቱንም በንፋስ ቀን ማድረግ የቻለ ይሸጋገር።

በርጋታ አንድ ቁጥር ዝቅ ወዳለ ጀልባ ከመሸጋገር በፊት ወንበሩን ይመልከቱ። ወንበር ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ያው ጀልባ ሌላ ጀልባ ይሆናል፤ ጀማሪ ዝቅተኛውን ይጠቀም፣ እየለመደ ከፍ ያድርገው። የእግር መርገጫውም ይስተካከል፦ ጉልበት በመጠኑ ታጥፎ፣ ተረከዝ ወለሉን ነክቶ፣ የእግር ፊት መርገጫውን ተደግፎ። መርገጫው ከራቀ እግር መግፋት አይችልም፤ ከቀረበ ጉልበቱ ክንድን ይመታል። በሁለቱ እግሮች መሐል ያለችው አጭር ዘንግ መሪውን ታዞራለች። ከመነሣት በፊት ግራና ቀኝ ገፍቶ መሪው መታዘዙን፣ ገመዱም አለመላላቱን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

መግባት፣ መውደቅ፣ መውጣት

ጀልባውን ውኃ ላይ ሲያኖሩ አፍንጫውን ወደ ወራጁ ምንጭ ያዙሩት። ወደ ታች ካዞሩት ወራጁ ኋላውን ከዳር እየገፋ ያሽከረክረዋል። ከኋላው ሥር ያለው መሪ ድንጋይ እንዳይነካ ትንሽ ከዳር ያርቁት፤ በክለብ ውስጥ በብዛት የሚሰበር ዕቃ ይህ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጀልባውን ሁለት ጠርዞች ይያዙ፣ አንድ እግር በትክክል መሐሉ ላይ ያኑሩ፣ ክብደትዎን በእሱ ላይ አድርገው ሳይዘገዩ ቁጭ ይበሉ፣ ሁለተኛውን እግር ያስገቡ። ቆሞ ማሰብ ነው የሚጥለው።

ሲገለበጡ በውድድር ኬ1 ውስጥ ተቀምጦ መልሶ መነሣት የለም፤ መግቢያው ሰፊ ስለሆነ ሰውየው በራሱ ይወጣል። ጀልባውን እንደተገለበጠ ይተዉት። ቀና ካደረጉት ውኃ ይሞላል፣ ውኃ የሞላ ጀልባ ደግሞ አይጎተትም። አንድ እጅ ጀልባውንና መቅዘፊያውን ይዞ፣ በእግር እየዋኙ ወደ ቅርቡ ዳር። ዳር ላይ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ፣ እንደተገለበጠ በየተራ ከፍ ዝቅ እያደረገ ያፈስሰዋል። ውኃ ያለበትን ጀልባ መሐሉን ይዞ ማንሣት ጀልባውን ይሰነጥቀዋል።

ጀማሪ ተንሳፋፊ ጃኬቱን በማንኛውም ወር አያውልቅ፤ 50 ኒውተን የሚል ምልክት ያለበት፣ ማሠሪያው ጠበቅ ያለ ይሁን። ውኃው ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ድንገት የገባ ሰው ትንፋሹ ያለ ፈቃዱ ይቆራረጣል፤ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ደቂቃዎች ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ በክረምት ለብቻ አይወጣም፣ ከዳርም አይራቅም። ልብሱ ጥጥ አይሁን፤ እርጥብ ጥጥ ሙቀት ይወስዳል። ለእጅ ተራ ጓንት ሳይሆን በመቅዘፊያው ዘንግ ላይ የሚታሰረው፣ ፖጊ የሚባለው ሽፋን ይሻላል፤ መዳፍ ዘንጉን በቀጥታ እንደያዘ ይሞቃል።

እጅ ላይ ቁስል ካለ ውኃ በማያስገባ ፕላስተር ይሸፈን፤ ሲጨርሱ እጅ በሳሙና ይታጠብ። በወንዝ ውኃ ውስጥ የአይጥ ሽንት የሚያስተላልፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ አለ። ከቀዘፉ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጉንፋን የሚመስል ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከመጣ፣ ለሐኪሙ ወንዝ ላይ እንደነበሩ ይንገሩት፤ ካልነገሩት አያስበውም።

ቀዘፋው

ከሩጫ የመጣ ሰው ሳንባው ዝግጁ ነው፤ ፖርቴጅ ላይም ይጠቅመዋል። ግን በክንዱ ይጎትትና በዐሥር ደቂቃ ይደክማል። ክንድ ትንሽ ጡንቻ ነው። ጉልበቱ መምጣት ያለበት ከእግርና ከወገብ ነው፦ በቀኝ ሲቀዝፉ ቀኝ እግር መርገጫውን ይገፋል፣ ዳሌው በወንበሩ ላይ ይዞራል፣ ትከሻው ይከተላል፣ ክንድ የሚያገናኝ ገመድ ብቻ ነው።

ብሌዱ ከእግር ጣት አጠገብ፣ ለጀልባው ቀረብ ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ ከተጠለቀ በኋላ ነው የሚሳበው። ከመጥለቁ በፊት መሳብ ውኃ ከመርጨት ሌላ ፋይዳ የለውም። የዛሬው የውድድር ብሌድ እንደ ክንፍ የተጎበጠ ነው፤ ሲሳብ ከጀልባው ራቅ እያለ ወደ ጎን እንዲሄድ ይፈቀድለት፤ በግድ ከጀልባው ጎን ካስጠጉት ይንቀጠቀጣል። ዳሌ ጋ ሲደርስ ይውጣ። ከዳሌ አልፎ ወደ ኋላ የተሳበ ብሌድ ውኃን ወደ ላይ ያነሣል፣ የጀልባውን ኋላም ወደ ታች ያሰምጠዋል።

ሁለቱ ብሌዶች በአንድ አቅጣጫ አይመለከቱም፤ አንዱ ከሌላው በ60 ዲግሪ አካባቢ ዞሯል። መቆጣጠሪያው ብዙውን ጊዜ ቀኝ እጅ ነው፤ እሱ ዘንጉን አይለቅም፣ በግራ እጅ ውስጥ ዘንጉ ይሽከረከራል። ሁለቱንም ጨብጦ የሚይዝ ሰው በሳምንታት ውስጥ የእጅ አንጓው ያብጥበታል። ሕመም ሲጀምር ማረፍና አያያዙን ማላላት እንጂ ፋሻ ጠምጥሞ መቀጠል አያድንም። የመቅዘፊያው ርዝመት ለአዋቂ በ208 እና በ222 ሴንቲ ሜትር መካከል ይሆናል፤ ጀማሪ አጠር ያለውና ብሌዱ አነስ ያለው ይሻለዋል።

ከክለቡ ልምድ ያለው ሰው ኬ2 ላይ ከኋላ ቢያስቀምጥዎት እምቢ አይበሉ። ከፊት ያለውን ጀርባ እያዩ ምቱን መከተል ለብቻ ወራት የሚወስደውን የቀዘፋ ስልት ቶሎ ያስተምራል፤ ሚዛኑንም እሱ ይሸከምልዎታል።

ወንዙ የራሱ ሕግ አለው

በቀኝ ዳር ይሂዱ። ሮዊንግ የሚቀዝፉት ሰዎች ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ሰጥተው ነው የሚቀመጡት፤ አያዩዎትም። ስምንት ሰው የያዘ ጀልባ ሲመጣ ጮክ ብሎ ማሳወቅ የእርስዎ ፈንታ ነው። ዊር ከሚባለው የውኃ መውረጃ ግድብ ራቁ፤ ከታቹ ያለው ውኃ ሰውን ይዞ ያሽከረክራል፣ አይለቅም። ወደ ወንዙ የወደቀ ዛፍም እንዲሁ ነው፤ ውኃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰው ግን ይያዛል።

በቴምዝ ሎኮች ላይ ቀይ ሰሌዳ ከተሰቀለ ወራጁ ኃይለኛ ስለሆነ አይወጣም። ቢጫ ሰሌዳ ወራጁ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ይናገራል፤ እየጨመረ ከሆነ ጀማሪ ቤቱ ይቆይ። ከቴዲንግተን ሎክ በታች ቴምዝ ከባሕር ጋር የሚሞላና የሚጎድል ስለሆነ ያለ አሠልጣኝ አይገባበትም።

የውድድሩ ቀን

ምዝገባው የሚያልፈው በክለቡ ቡድን መሪ በኩል ነው፤ ከቀናት በፊት ስምዎንና ዲቪዚዮንዎን ይስጡት። ጠዋት ቁጥርዎን ይረከባሉ፤ ከኋለኛው ገበታ ላይ ባለው መሰኪያ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መሰኪያው ከላላ በቴፕ ይጠበቅ፤ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ሰዓቱ ላይመዘገብለት ይችላል።

ዲቪዚዮኖቹ በየተራ ይነሣሉ። በመነሻው ላይ ውኃው እንደ ድስት ይፈላል፣ አብዛኛው ጀማሪ የሚገለበጠውም እዚያ ነው። ከዳር ይሰለፉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ቀዘፋዎች አጭርና ፈጣን ያድርጉ፤ ትርምሱ ሲለይ ምቱን ያርዝሙ። ከዚያ ከእርስዎ ትንሽ የሚፈጥን ሰው ይፈልጉና ሞገዱ ላይ ይቀመጡ። ከጀልባው አፍንጫ በሁለቱም ጎን የሚወጣ ሞገድ አለ፤ የእርስዎ አፍንጫ ከእሱ ወንበር ጎን አካባቢ ሲደርስ ያ ሞገድ ከኋላ ይገፋዎታል፣ ትንፋሽዎም ይቀላል። ወደ ፊት ካለፉ ቁልቁለቱን ትተው ዳገት ይወጣሉ፤ ወደ ኋላ ከቀሩ ያመልጥዎታል። መጠጋት የሚገባው የክንድ ርዝመት ያህል ነው፤ ከዚያ ካነሰ መቅዘፊያዎች ይጋጫሉ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ የስፖርቱ ግማሽ ነው። መምራቱንም በየተራ መቀባበል የተለመደ ነገር ነው።

ጀልባው በድንገት ከከበደና ወደ ጎን መሳብ ከጀመረ ድካም ነው ብለው አያስቡ። መሪው ላይ አረም ተጠምጥሟል። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ሲቀዝፉ ይለቃል። ዲቪዚዮን 9 ላይ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ መውሰድ የተለመደ ስለሆነ ውኃ ጠጥተው ይግቡ እንጂ በመሐል ለመጠጣት አይሞክሩ፤ አንድ እጅ ከመቅዘፊያው ሲነሣ የሚሆነው ይታወቃል።

እድገቱ የሚወሰነው ሰዓትዎ ከላይኛው ዲቪዚዮን ሰዎች ጋር ሲነጻጸር ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚቀዝፍ ሰው በአንድ በጋ ወደ 8 ወይም 7 መውጣቱ የሚጠበቅ ነው። ከ6 ጀምሮ ፖርቴጅ ስለሚመጣ በበጋው መጨረሻ ጀልባን በትከሻ ይዞ መሮጥ፣ ከፍ ካለ ዳር ላይ መውጣትና መግባት ለየብቻው ይለመዳል። በየዓመቱ በፈረንጆች ፋሲካ የሚደረገው፣ ከዲቫይዝስ እስከ ዌስትሚንስተር 125 ማይልና 77 ፖርቴጅ ያለው፣ በ1948 የተጀመረው ረጅሙ ውድድር የብዙዎች ዓላማ ነው። እሱን የሚያስቡ በበልግ፣ ከቅዝቃዜው ወራት በፊት፣ ኬ2 አጣማሪ ይፈልጋሉ፣ በክረምት በጨለማ በፖርቴጅ ይለማመዳሉ፤ ሳያርፉ በአንድ ጉዞ የሚጨርሱት ደግሞ የመነሻ ሰዓታቸውን የሚቆርጡት ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቆጥረው ነው፤ ቴዲንግተን ሲደርሱ ውኃው ወደ ባሕር መመለስ እንዲጀምር።